አንዴ ይነሳል፣ አንዴ እምቢ ይላል፦ የማይጨበጠውን የመኪና ችግር እጅ ከፍንጅ መያዝ

ጨርሶ አልነሳም ያለ መኪና ለመካኒክ ቀላል ነው። ችግሩ እዚያው ቆሞ ይጠብቀዋል። አስቸጋሪው ጠዋት እምቢ ብሎ ከሰዓት በአንድ ቁልፍ የሚነሳው ነው። ጋራዥ ሲደርስ ጤነኛ ይሆናል። መካኒኩ አሥር ጊዜ ይሞክረዋል፣ አሥሩንም ጊዜ ይነሳለታል። ከዚያ ግምት ይጀመራል። "ባትሪው ይሆናል" ይባልና ባትሪ ይቀየራል። ሳምንት ቆይቶ ያው ነው። "እንግዲያው ሞተሪኖው ነው" ይባላል፤ ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያሽከረክረው ማለት ነው። ገንዘቡ ይወጣል፣ ችግሩ አይወጣም።

በዚህ መንገድ እኔም ሄጃለሁ። አንድ አሮጌ መኪና ነበረኝ። ባትሪም ሞተሪኖም ተቀየረለት፣ እምቢታው ግን አልለቀቀውም። በመጨረሻ የተገኘው ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ የሚሄደው የማሳ ገመድ ላይ ነው። ከላይ ሲያዩት ደህና ነበር። ጫፉ ላይ ያለውን ላስቲክ ስንገፍፈው ግን ውስጡ ያለው ሽቦ ተበልቶ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ጥፋተኛውን በጥፋቱ ሰዓት መያዝ እፈልጋለሁ። ማስረጃው ያለው መኪናው እምቢ ባለበት ጊዜ ብቻ ነውና።

እምቢ ሲል መጀመሪያ ምን ይደረግ?

ቶሎ ቶሎ ቁልፍ ማዞሩን ተዉት። ደጋግማችሁ ስታዞሩ የላላው ነገር ለጊዜው ይነካካና መኪናው ይነሳል። ደስ ይላል፣ ግን ማስረጃው ጠፋ ማለት ነው። ይልቅ ስልካችሁን አውጡና ዳሽቦርዱን እየቀረጻችሁ አንድ ጊዜ ብቻ አስነሱ። ድምፁም መብራቱም ይያዛል። ከዚያ ጻፉ፦ ሞተሩ ሞቃት ነው ወይስ ቀዝቃዛ? ከቆመ ስንት ደቂቃው ነው? ዝናብ ነበር? ነዳጁ ስንት ነው? የቆመው ዳገት ላይ ነው ወይስ ሜዳ ላይ? ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ ከጻፋችሁ ችግሩ ራሱ መናገር ይጀምራል።

ቀጥሎ ሁሉንም ነገር ለሁለት የሚከፍለው ጥያቄ ይመጣል። ሞተሩ ዞሯል ወይስ አልዞረም? "አልነሳም" የሚለው ቃል ሁለቱንም ስለሚይዝ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሞተሩ እንደ ወትሮው "እርርርር" እያለ ዞሮ ካልተነሳ ባትሪውና ሞተሪኖው ሥራቸውን ሠርተዋል። እነሱን መቀየር ከንቱ ነው። ካልዞረ ደግሞ ነዳጅና ካንዴላ ገና ተራቸው አልደረሰም።

ሞተሩ አይዞርም፣ "ጠ-ጠ-ጠ-ጠ" ይላል

ይህ የኃይል ማነስ ድምፅ ነው። የሞተሪኖው ማግኔት ይስባል፣ በዚያው ቅጽበት ኃይሉ ይወድቃል፣ ማግኔቱ ይለቃል፣ ኃይሉ ይመለሳል፣ እንደገና ይስባል። የዳሽቦርድ መብራቱም አብሮ ይደበዝዛል። ምክንያቱ ሁለት ነው፦ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ከባትሪው የሚወጣው ኃይል መንገድ ላይ ተዘግቷል።

ለመለየት ቮልት የሚለካ ቴስተር ያስፈልጋል። ርካሹም ይበቃል። መኪናው ጥቂት ሰዓት ከቆመ በኋላ በባትሪው ላይ 12.6 ቮልት ከታየ ሙሉ ነው። 12.2 ግማሽ ገደማ ነው። 12.0 ከሆነ ሊያልቅ ነው። ግን በዚህ ብቻ አትመኑት። ያረጀ ባትሪ ቆሞ ሲለካ 12.6 ያሳይና ሥራ ሲሰጠው ወገቡ ይሰበራል። ስለዚህ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በባትሪው እርሳሶች (ገመዶቹ በሚታሰሩባቸው ሁለት ጉጦች) ላይ አድርጋችሁ ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙር። ቁጥሩ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ባዶ ነው ወይም አልቆለታል። ሞሉትና እንደገና ለኩት። ሞልቶም ከወረደ ይቀየር። ቁልፉ ተዞሮ ቁጥሩ 12 አካባቢ ከቀረ ግን ባትሪው ንጹህ ነው። ኃይሉ ከእሱ እየወጣ አይደለም፤ መንገዱን እንፈልጋለን።

መኪናው ሲነሳም አንዴ ለኩ። ሞተሩ እየሠራ በአብዛኛው መኪና ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መታየት አለበት። ከ13 በታች ከሆነ ዲናሞው እየሞላ አይደለም። ባትሪ ብትቀይሩም አዲሱ በጥቂት ቀን እንደ አሮጌው ይሆናል።

ዲናሞውም ባትሪውም ደህና ሆነው ሲያድር የሚደክም ከሆነ መኪናው ቆሞ የሚበላው ነገር አለ። ኔጌቲቭ ገመዱን ፈትታችሁ፣ ቴስተሩን በአምፔር አድርጋችሁ በገመዱና በባትሪው ኔጌቲቭ እርሳስ መካከል አስገቡት። ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ከ50 ሚሊአምፔር በላይ ከቀረ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀሉ። ቁጥሩ የወረደበት ፊውዝ መንገዱን ያሳያችኋል። በዚህ ሁኔታ ግን ሞተሩን ለማስነሳት እንዳትሞክሩ፣ ቴስተሩ ይቃጠላል።

ስለ ገመድና ማሳ ትንሽ ረዘም ላድርገው

እየመጣ የሚሄድ ችግር ብዙ ጊዜ የግንኙነት ችግር ነው። የተበላሸ ዕቃ እንደተበላሸ ይቆያል። የላላ ብሎን ግን ንዝረት ሲያገኝ፣ ሙቀት ሲያገኝ፣ እርጥበት ሲያገኝ ጠባዩ ይለዋወጣል። ለዚህ ነው ከሁሉ በፊት ገመዶቹን እንድታዩ የምለምናችሁ።

የባትሪውን ተርሚናል፣ ገመዱን እርሳሱ ላይ የሚያስረውን፣ በእጃችሁ አዙሩት። ከተንቀሳቀሰ ላልቷል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለበት ይጸዳ። ስትፈቱ መጀመሪያ ኔጌቲቩን፣ ስትመልሱ ኔጌቲቩን መጨረሻ። እርሳሱንና የተርሚናሉን ውስጥ በሽቦ ብሩሽ እስኪያብረቀርቅ ፈትጉት። ከውጭ ብቻ ማጽዳት ትርጉም የለውም፤ ኃይሉ የሚያልፈው በውስጥ በኩል ነው። ባትሪ ሲሞላ የሚፈነዳ ጋዝ ያወጣል፣ ስለዚህ ሲጋራና እሳት ይራቅ።

አሁን የገመዱን ውስጥ እንዴት እናያለን? ቴስተሩን በኦም አድርጎ ገመዱን መለካት አይረዳም። ከመቶ ቀጭን ሽቦዎች አንዷ ብቻ ብትቀር ቴስተሩ "ደህና ነው" ይላል። ሞተሪኖ የሚጠይቀውን ከ100 አምፔር በላይ ግን በአንዲት ክር ማሳለፍ አይቻልም። ስለዚህ የሚለካው ሥራ ላይ እያለ ነው። ቴስተሩን በቮልት አድርጉ። አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ እርሳስ፣ ሌላውን በሞተሩ ንጹህ ብረት ላይ ያዙ። ሰው ቁልፉን ያዙር። ከ0.2 ወይም 0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ታሟል። ከዚያ ከፖዘቲቭ እርሳሱ እስከ ሞተሪኖው ትልቁ ብሎን ድረስ እንዲሁ ለኩ። ከ0.5 በላይ ከሆነ የፖዘቲቩ ገመድ ወይም አንዱ ጫፉ ነው።

መንገድ ላይ ቴስተር ከሌላችሁ የባትሪ ማያያዣ ኬብል ይበቃል። አንዱን ጫፍ የራሳችሁ ባትሪ ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ ቆንጥጡ። እምቢ ሲል የነበረው መኪና አሁን ዘሎ ከተነሳ ጥፋተኛው የማሳ ገመዱ ነው። እኔ ይህን ያኔ ባውቅ ኖሮ ያን ሁሉ ወጪ አላወጣም ነበር።

አንዴ "ቀጭ" ብሎ ዝም

መብራቱ ሳይደበዝዝ አንድ ጠንካራ "ቀጭ" ብቻ ከተሰማ፣ ደጋግማችሁ ስታዞሩ ደግሞ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ከተነሳ፣ ጣቴን የምቀስረው ሞተሪኖው ላይ ነው። ማግኔቱ ስቧል፣ ኃይሉን የሚያገናኙት የመዳብ ጥርሶች ግን በጊዜ ብዛት ተበልተው አንዴ ይነካሉ አንዴ ይስታሉ። ሌላው ምክንያት በሞተሪኖው ውስጥ ለሚዞረው ክፍል ኃይል የሚያስተላልፉት ካርቦኖች ማለቅ ነው። የሞተሪኖውን አካል በብረት ዘንግ ቀስ ብላችሁ እየመታችሁ ሰው ሲያስነሳው ከተነሳ ብዙ ጊዜ ካርቦኖቹ አልቀዋል ማለት ነው። መምታቱ ቤት ያደርሳችኋል እንጂ አይጠግንም። በብዙ ሞተሪኖዎች ጥርሶቹንና ካርቦኖቹን ብቻ መቀየር ይቻላል። ሙሉውን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

መብራቱ በአንዴ ድርግም ብሎ ከጠፋ ግን ወደ ባትሪውና ገመዱ ተመለሱ።

ምንም ድምፅ የለም

መብራቱ ይበራል፣ ቁልፉ ይዞራል፣ "ቀጭ" እንኳን የለም። ትእዛዙ ሞተሪኖው ጋ አልደረሰም ማለት ነው። አውቶማቲክ ከሆነ ፍሬኑን ረግጣችሁ ማርሹን ከፓርኪንግ ወደ ኒውትራል አድርጉና ሞክሩ። በኒውትራል ከተነሳ የማርሹን ቦታ የሚያነበው ስዊች ነው። ማንዋል ከሆነ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ርገጡ፤ ብዙዎቹ አዳዲስ መኪኖች ፔዳሉ ላይ ስዊች አላቸው። ቁልፉን ትንሽ ስታወዛውዙት ከተነሳ የቁልፉ ስዊች ነው። የሞተሪኖውን ሪሌ (በትንሽ ኃይል ትልቁን ኃይል የሚያገናኝ ስዊች) ተመሳሳይ ቁጥር ካለው ሌላ ሪሌ፣ ለምሳሌ ከክላክሱ ጋር አለዋውጡት።

በእነዚህ ካልተገኘ ሞተሪኖው ላይ የሚገባውን ቀጭን ሽቦ በቴስተር ያዙና ሰው ያስነሳው። ኃይል ከመጣ ሞተሪኖው፣ ካልመጣ ከእሱ በፊት ያለው መንገድ ነው። ሞተሪኖውን በካቻቢቴ አገናኝቶ ማስነሳት የለመዱ አሉ። ማርሽ ውስጥ ያለ መኪና በዚህ መንገድ ሰው ላይ ይሄዳል፣ እባካችሁ አታድርጉት።

ሞተሩ ይዞራል፣ አይነሳም

እዚህ ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ ነዳጅ፣ እሳት፣ ፈቃድ። ፈቃድ ያልኩት የሌባ መከላከያውን ነው። የቁልፍ ምልክት ያለው መብራት ብልጭ ድርግም ካለ መኪናው ቁልፉን አላወቀውም። መለዋወጫውን ቁልፍ ሞክሩ። ቁልፋችሁ ከሌላ መኪና ቁልፍ ጋር ታስሮ ከሆነም ለዩት።

ነዳጁን በጆሮ ማጣራት ይቻላል። በብዙ የቤንዚን መኪና ቁልፉን ሳታስነሱ ስትከፍቱት ከኋላ ወንበር ሥር ወይም ከታንከሩ በኩል ለሁለት ሰከንድ ያህል "ዝዝዝ" ይሰማል። በደህና ቀን ድምፁን ልመዱት። እምቢ ባለ ቀን ከጠፋ ሪሌውን፣ ፊውዙን፣ ከዚያ ፓምፑን ተመልከቱ። የታንከሩን ሥር በእጅ ስትመቱ ከተነሳ ፓምፑ ሊሞት ነው። ድምፁ ካለና ቁልፉን ሦስት ጊዜ ከፍታችሁ ዘግታችሁ ስታስነሱት በቀላሉ ከተነሳ ደግሞ ግፊቱ ቆሞ ሳለ እየወረደ ነው።

ከሁሉም የሚያታልለው በሙቀት የሚመጣው ነው። ጠዋት በደንብ ይነሳል። ረጅም መንገድ ሄዳችሁ ለ10 ደቂቃ ታቆሙታላችሁ። ስትመለሱ ይዞራል፣ አይነሳም። ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የማስበው የክራንክ ሻፍቱን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ዙር የሚያነበውን ሴንሰር ነው። በውስጡ ያለው ቀጭን ጥቅልል ሽቦ ወይም መጋጠሚያው ሲሞቅ ይላቀቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። እሱ ካልተናገረ ኮምፒውተሩ ሞተሩ መዞሩን አያውቅም፤ ነዳጅም እሳትም አይሰጥም።

ለመያዝ የስህተት ማንበቢያ መሣሪያ ሰክታችሁ እያስነሳችሁ የዙሩን ቁጥር እዩ። እየዞረ ሳለ ከ150 እስከ 250 አካባቢ መታየት ሲገባው ዜሮ ከሆነ ሴንሰሩ ወይም ሽቦው ነው። ኮዱ ብዙ ጊዜ ፒ0335 ነው፣ ግን ሁሌ አይመዘገብም። ሴንሰሩን ከመግዛታችሁ በፊት ሶኬቱን ነቅላችሁ ዘይትና ዝገት እንደሌለበት፣ ሽቦውም ትኩስ ብረት እንዳልነካ አረጋግጡ። ዙሩ በትክክል እየታየ ካልተነሳ ይህንኑ የሙቀት ጠባይ የነዳጅ ፓምፑ ሪሌም ያሳያል፤ ውስጡ ያለው ብየዳ ይሰነጠቃል።

ቤንዚን ከሸተተ ሞተሩ ጠጥቷል፣ ነዳጅ በዝቶበታል ማለት ነው። ነዳጅ በመርፌ የሚረጭበት መኪና ከሆነ የነዳጁን ፔዳል እስከ ወለሉ ረግጣችሁ አስነሱ፤ ብዙዎቹ በዚያ ሰዓት ነዳጁን ይቆርጣሉ። በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አታዙሩ፣ ሞተሪኖው እስኪበርድ አሳርፉት።

በቀዝቃዛ ጠዋት ብቻ የሚያስቸግር የናፍጣ መኪና ከሆነ ማሞቂያ ካንዴላዎቹ ይታዩ። ረጅም ከቆመ በኋላ የሚያስቸግር ከሆነ በነዳጅ መስመሩ አየር እየገባ ሊሆን ይችላል። የእጅ ፓምፕ ካለው ስትጫኑት ባዶነቱ ይታወቃል። በእርጥበት ቀን የሚቆም የቆየ የቤንዚን መኪና ደግሞ በጨለማ ኮፈኑን ክፈቱለት፤ የካንዴላ ገመዶቹ ሲያፈስሱ ብልጭታው በዓይን ይታያል።

መካኒኩ ጋ ስትሄዱ

"አንዳንዴ አይነሳም" አትበሉት። ቪዲዮውን አሳዩትና እንዲህ በሉት፦ "ሲሞቅ ብቻ ነው። ከቆመ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ። ሞተሩ ይዞራል። የፓምፑ ድምፅ ይሰማል። ዙሩ ግን ዜሮ ነው የሚያሳየው።" ከጠገነውም በኋላ በቀዝቃዛ ሞተር አንዴ አስነስታችሁ አትረከቡ። ሲሞቅ እምቢ የሚለውን መኪና እንዲያ እስኪሞቅ ንዱት፣ 10 ደቂቃ አቁሙት፣ ከዚያ ቁልፉን አዙሩ።