መብራት ሲመጣ ሞደሙን አትነካኩት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ስልኬ መጮኹ አይቀርም። ባለፈው የደወሉልኝ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላቸው እናት ነበሩ። «ልጄ፣ ዋይፋዩ አለ ይላል፣ ኢንተርኔቱ ግን እምቢ አለ፤ ስድስቴ አጥፍቼ አበራሁት» አሉኝ። ስድስቴ! ጥፋቱ እሱ ራሱ ነበር።

ትልቁ ስህተት ይኸው ጥድፊያ ነው። የፋይበር ሞደም (በቀጭን የመስታወት ገመድ ውስጥ በሚያልፍ ብርሃን የሚሠራው) ሲነሳ መጀመሪያ ከኢንተርኔት አቅራቢው በ1490 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት የሚመጣውን ብርሃን ይፈልጋል፤ ሲያገኘው በ1310 ናኖሜትር ይመልሳል። አንዱን ፋይበር 32 ወይም 64 ቤት ሊጋራው ስለሚችል፣ በአቅራቢው በኩል ያለው ማሽን የእያንዳንዱን ሞደም ርቀት ለክቶ መናገሪያ ተራ ይሰጠዋል፤ አለዚያ የሁሉም ድምፅ ይደበላለቃል። መለያ ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይጠየቃል፣ መጨረሻ ላይ የኢንተርኔት አድራሻ ይሰጠዋል። «ፖን» የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም የሚለው ይህ ገና ሲካሄድ ነው። የጎጃም ሰላምታ ከቤተሰቡ እስከ ከብቱ ተጠይቆ ሳያልቅ ጉዳይ እንደማይነሳ ሁሉ፣ እዚህም መሀል ላይ ካቋረጡት ከ«ጤና ይስጥልኝ» ይጀምራል። አምስት ደቂቃ ስጡት። የዋይፋይ መብራት መብራቱ ደግሞ ምንም ማለት አይደለም፤ እሱ ከስልካችሁ ጋር ነው የሚነጋገረው።

ሁለተኛው ስህተት፣ ሞደሙ ላይ ያለችውን ጠባብ የሪሴት ቀዳዳ በመርፌ መጫን። አጥፍቶ ማብራት ሌላ፣ ሪሴት ሌላ! ሪሴት የተጠቃሚ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ይሰርዛል፤ ወረቀቱ የት እንደተቀመጠ የሚያስታውስ ደግሞ አላጋጠመኝም።

ምጣድና ሞደም በአንድ ማከፋፈያ መሰካትም አለ። ምጣዱ ከ3 ኪሎዋት በላይ ሊስብ ይችላል፤ ገመዱ ቀጭን ከሆነ ኃይሉ ይወርድና ሞደሙ ሊጥ በፈሰሰ ቁጥር ጠፍቶ ይነሳል። ማከፋፈያውም መጋሉ አይቀርም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የፍኖተ ሰላም ልጅ ነው። የውጭ አገር ቪዲዮ አይቶ «የዲሽ ገመድ መሰኪያው ሞደሜ ላይ የለም፣ ጎደሎ ነው የሸጡልኝ?» ብሎ ደወለ። ያየው የኬብል ሞደም ነው። እሱ በቴሌቪዥን ገመድ ላይ ድግግሞሽ እያሰሰ ቻናል ይፈልጋል፣ የመላኪያ ጉልበቱን ያስተካክላል፣ አድራሻ ይቀበላል፣ የቅንብር ፋይል አውርዶ ይመዘገባል። የልጁ ሞደም የሚሠራው በፋይበር ነው። «ሎስ» የሚለው መብራትስ? አልኩት። ቀይ ነው አለኝ። ቀይ ማለት ብርሃኑ ጭራሽ አልደረሰም ወይም በጣም ደክሟል ማለት ነው፤ መቶ ጊዜ ቢያጠፉት አይመለስም። ጫፉን ነቅሎ ማየት ለዓይን አደጋ ነው፤ መንፋትም ያቆሽሸዋል። ገመዱን ብቻ ተከተል አልኩት፤ በር ሥር ተቆንጥጦ አገኘው።