በደንብ የያዛችሁትን የሸራ ጀልባ በሚገባው ዋጋ ለመሸጥ

ጀልባችሁን ለዓመታት ተንከባክባችኋል። የሞተሩን ዘይት በጊዜው ቀይራችኋል፣ ሸራውን አሰፍታችኋል፣ በየዓመቱ ከውሃ አውጥታችሁ ሆዱን ቀብታችኋል። ችግሩ ይህ ሁሉ ልፋት ለገዢው አይታየውም። እሱ የሚያየው አንድ ያገለገለ ጀልባ ነው፤ በዚያው ዓመት የተሠራ፣ ሞዴሉ አንድ የሆነ፣ ዋጋው ግን ቀነስ ያለ ሌላ ጀልባም አይቶ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን ማሳየት የእናንተ ሥራ ነው።

ስለዚህ ባልዲና ብሩሽ ከማንሳታችሁ በፊት ወረቀት ሰብስቡ። ደረሰኝ፣ የሞተር መመሪያ፣ የድሮ ምርመራ ሪፖርት፣ ያላችሁን ሁሉ። በቀን ቅደም ተከተል ፋይል አድርጉትና ፊት ለፊቱ ላይ አንድ ገጽ ማጠቃለያ ጻፉ፦ ሞተሩ ስንት ሰዓት ሠራ፣ ባትሪዎቹ መቼ ተገዙ፣ ሸራዎቹ የስንት ዓመት ናቸው፣ ከውሃ መስመር በታች ያሉት ቫልቮች መቼ ተቀየሩ። ከሁሉም በላይ ምሰሶውን ወጥረው የያዙት የብረት ሽቦዎች ዕድሜ በግልጽ ይጻፍ። ብዙ ባለሙያዎች ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ይቀየሩ ይላሉ፤ የገዢው ኢንሹራንስም ስለ እነሱ መጠየቁ የተለመደ ነው። ቀን ያለበት ደረሰኝ ካላችሁ ክርክሩ እዚያው ያልቃል። ሞተራችሁ ሴይልድራይቭ፣ ማለትም በጀልባው ሆድ ቀዳዳ በቀጥታ ወደ ታች ወርዶ ፕሮፔለሩን የሚያዞር ክፍል ካለው፣ የጎማ ማሸጊያው የተቀየረበትን ቀንም አትርሱ፤ የጀልባ ሞተር አምራቹ ቮልቮ ፔንታ ለራሱ ምርቶች በየ7 ዓመቱ እንዲቀየር ይመክራል፣ የሚያውቅ ገዢም ቶሎ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ጽዳቱ። መጀመሪያ ዕቃ አውጡ፣ ብዙ ዕቃ። ከጀልባው ጋር የማይሸጥ ነገር በሙሉ ወደ ቤት ይሂድ። ቁምሳጥኑ ከታጨቀ ገዢው ጀልባው ጠባብ ነው ብሎ ይሄዳል።

ሽታ ላይ ደግሞ ጊዜ ስጡ። የናፍጣ፣ የሻጋታና የሽንት ቤት ሽታ ከማንኛውም ጭረት በላይ ገዢን ያሸሻል፤ የጀልባው ባለቤት ግን ለምዶት አይሰማውም። አፍንጫውን የምታምኑትን ሰው ጥሩና አሸትቱት። ከወለሉ ሥር ውሃ የሚጠራቀምበትን ቦታ እስከ ታች እጠቡና አድርቁ። የሽንት ቤቱን ቱቦ በሙቅ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቆዩና ጨርቁን አሽትቱት፤ ሽታው ወደ ጨርቁ ከመጣ ቱቦው መቀየር አለበት። ሽቶ ግን አትርጩ። ሽቶ የሸተተው ገዢ ምን ሊደብቁኝ ነው ማለቱ አይቀርም።

ምኑን ጠግናችሁ ምኑን ትተዉ? ትንንሹን በሙሉ ጠግኑ። የማይበራ አምፖል፣ የሚያንጠባጥብ ፓምፕ፣ እጀታው የደረቀ ቫልቭ፣ እነዚህ ሲደማመሩ የቸልተኝነት ምልክት ይሆናሉ። የባህር ካርታና ጀልባው ያለበትን ቦታ የሚያሳይ አዲስ ስክሪን ወይም አዲስ ሸራ ለሽያጭ ብላችሁ አትግዙ፤ ያወጣችሁትን ያህል አይመልስም። ትልቁን ጉድለት ደግሞ ራሳችሁ ተናገሩ። እኔ ጀልባዬን ስሸጥ ምሰሶውን ከያዙት ሽቦዎች አንደኛው ከጀልባው የላይ ወለል ጋር በሚያያዝበት ቦታ ዝናብ ያስገባ ነበር። ፎቶ አንስቼ ማስታወቂያው ላይ አወጣሁት። የገዛኝ ሰው በኋላ የነገረኝ ይህንን ነው፦ ሌላውን ሁሉ ያመንኩህ ያቺን ፎቶ ስላየሁ ነው አለኝ።

ዋጋ ስታወጡ ሌሎች የጠየቁትን ብቻ ሳይሆን የተሸጠበትን ለማወቅ ሞክሩ፤ ሁለቱ በጣም ይራራቃሉ። ደላላ ይህንን መረጃ ያገኛል፣ በምላሹ ብዙ ቦታ 10 በመቶ አካባቢ ኮሚሽን ይወስዳል። በራሳችሁ ከሸጣችሁ ኮሚሽኑ ይቀርላችኋል፣ ስልኩና ቀጠሮው ግን የእናንተ ነው። ጀልባው ሳይሸጥ በቆየ ቁጥር የወደብ ኪራይና ኢንሹራንስ እየከፈላችሁ መሆኑንም አስሉት። ማስታወቂያው ሰዎች በሸራ ጀልባ የሚወጡበት ወቅት ከመጀመሩ ትንሽ ቀደም ብሎ ቢወጣ ይመረጣል።

ፎቶ ላይ አትሰስቱ። ሸራው ተዘርግቶ በባህር ላይ ያለው ፎቶ ሰው ይጠራል፤ የሚያሳምነው ግን የሞተሩ ክፍል፣ ከወለል ሥር ያለው፣ የኤሌክትሪክ ሰሌዳው ጀርባ ነው። ጽሑፉ ላይ የተሠራበትን ዓመት፣ ርዝመቱን፣ የሞተሩን ዓይነትና ከውሃ በታች ስንት ሜትር እንደሚገባ ጻፉ። ወደቡ ጥልቀት የሌለው ሰው ይህችን የመጨረሻዋን ቁጥር አይቶ ሳያስቸግራችሁ ይቀራል።

ገዢ ሊያይ ሲመጣ ሞተሩን ቀድማችሁ አታሙቁ። የሚያውቅ ሰው እጁን ያሳርፍበታል፤ ሙቅ ከሆነ ቀዝቃዛ ሲሆን አይነሳም ማለት ነው ብሎ ይጠረጥራል። ፊቱ አስነሱት። ከዚያ ዝም በሉ፣ ራሱ ይክፈት፣ ይዝጋ፣ አልጋው ላይ ይጋደም።

በዋጋ ከተስማማችሁ ውል በጽሑፍ ይሁን። የተለመደው ቀብድ 10 በመቶ ነው፤ ሽያጩ የሚጸናው የባለሙያ ምርመራውና የባህር ላይ ሙከራው ካለፈ ነው። ያለ ቀብድ ማንንም ለሙከራ ወደ ባህር አታውጡ፤ ለሽርሽር ብቻ የሚመጣ ሰው አለ። ጀልባውን ከውሃ ለማውጣትም ሆነ ለመርማሪው የሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ ገዢው ነው። መርማሪው ሆዱን በመዶሻ እየመታ ድምፁን ያዳምጣል፣ በመሣሪያም እርጥበቱን ይለካል። ሪፖርቱ ሲመጣ ገዢው ዋጋ ቀንሱልኝ ማለቱ ያለ ነው። ቀድማችሁ ለነገራችሁት ጉድለት ሁለተኛ አትቀንሱ። አዲስ ነገር ከተገኘ ግን የጥገናውን ዋጋ ጠይቃችሁ በሰላም ተነጋገሩ።

ሆዱ ላይ የተቀረጸው መለያ ቁጥር ከሰነዱ ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። በአሜሪካ 12፣ በአውሮፓ 14 ፊደልና ቁጥር ነው። ጀልባው በብድር ተይዞ ከነበረ ዕዳው እንደተከፈለ የሚያሳይ ደብዳቤ፣ በአውሮፓ ኅብረት ከሆነ ደግሞ ቫት የተከፈለበት ማስረጃ ይጠየቃል። ከዋጋው በላይ ቼክ ልኮ ትርፉን መልሱልኝ የሚል ገዢ አጭበርባሪ ነው፣ መልስም አትስጡት። ገንዘቡ አካውንታችሁ መግባቱን ባንኩ ራሱ ሳያረጋግጥላችሁ ቁልፍ አትስጡ፣ ኢንሹራንሱንም አታቋርጡ።

በርክክቡ ቀን ግማሽ ቀን መድቡለት። የትኛው ቫልቭ ምን እንደሚዘጋ፣ ነዳጁ እንዴት እንደሚጣራ አሳዩት። ከመለያየታችሁ በፊትም የአደጋ ጊዜ ምልክት ሰጪውን፣ ማለትም የኢፒርቡን ምዝገባ አብራችሁ ወደ እሱ ስም አዙሩት። በእናንተ ስም ከቀረ ያ ጀልባ ባህር ላይ ችግር ሲገጥመው አዳኞቹ የሚደውሉት ለእናንተ ነው።