እፉኝት ሁሉ አንድ አይደለም

የባሌው እፉኝት፣ ቢቲስ ሃሬና፣ ሳይንሳዊ ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ተመራማሪዎቹ በእጃቸው የነበረው አንድ የሙዚየም ናሙና ነው፤ ከዚያ ሌላ በዱር የተነሳ ፎቶ። በቃ። እንዲህ ስለ ብርቅ እባብ ሲወራ ስህተት አይጠፋም፤ እኔም ከአንዱ በላይ ሠርቻለሁ።

ዋናው ስህተት "እፉኝት"ን የአንድ ዝርያ ስም ማድረግ ነው። ገበሬው እፉኝት ሲል ወፍራምና አደገኛ እባብ ማለቱ ነው፤ ለእሱ ይህ ይበቃዋል። ሳይንሱ ግን ይለያያቸዋል። በአፍሪካ በሰፊው የሚገኘው ቢቲስ አሪየታንስ አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ተመራማሪው ቮልፍጋንግ ቦህመ ከኢሉባቦር ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ የገለጸው ቢቲስ ፓርቪኦኩላ፣ ማለትም "ትንሽ ዓይን"፣ ሌላ ነው። ሃሬና ሦስተኛው። የኛን ስም ገልብጣችሁ አስቡት፦ የአባት ስም (ወገኑ፣ ቢቲስ) ይቀድማል፣ የልጁ (ዝርያው) ይከተላል። "ቢቲስ አየሁ" ብቻ ብትሉኝ "የከበደን ልጅ አየሁ" እንዳላችሁኝ ነው። የትኛውን?

ቀጥሎ ቀለም አምኖ መፍረድ። አልኮል ውስጥ ዓመታት የቆየ ናሙና ቢጫውም አረንጓዴውም ይደበዝዛል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ቁጭ ብለው ቅርፊት ይቆጥራሉ፤ በጀርባ፣ በሆድ፣ በከንፈር ላይ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን ዝርያ የሚለየው በዚህ ነው። ከላይ የተነሳ ፎቶ ደግሞ የሆዱን ቅርፊት አያሳይም።

ከዝርያው ስም ቀጥሎ መጀመሪያ የገለጸው ሰው ስም ይጻፋል፤ እዚያ ላይ የሚገባውን ቅንፍ እንደ ጌጥ ማየትም አለ። አሪየታንስን እ.ኤ.አ. በ1820 የገለጸው የሜሬም ስም በቅንፍ ውስጥ ይጻፋል። ለምን? ቢቲስ የሚለው የወገን ስም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1842 ስለሆነ ነው፤ እባቡ በሌላ ወገን ስም ተመዝግቦ ኋላ ተዛወረ። ከመጀመሪያው ቢቲስ ተብለው የተሰየሙት ፓርቪኦኩላና ሃሬና ላይ ግን ቅንፍ የለም። ቅንፉን ያጠፋ ሰው ታሪኩን አጠፋ።

የሃሬና ናሙና አንድ ነውና እባቡም ጥቂት ነው ማለት አይቻልም። ጫካ ውስጥ ተደብቆ የሚኖር እንስሳ ሰው ስላላየው ብቻ አለቀ አይባልም። በዝቷልም አይባልም።

የእፉኝት ልጆች የእናታቸውን ሆድ ቀደው ይወጣሉ የሚለውን ደግሞ ሁላችንም ሰምተናል። ተረቱ ያማረ ነው፤ ግማሽ እውነትም አለው፣ ምክንያቱም አሪየታንስ እንቁላል ከመጣል ይልቅ ልጆቹን በሕይወት ይወልዳል። አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 40፤ በአንድ መካነ እንስሳት 156 የወለደች ተመዝግባለች። ሆድ የሚቀድ ግን የለም።

ባሌ ሐረና ጫካ ብትሄዱና ቢቲስ ሃሬና ብታጋጥማችሁ "ሁለተኛውን ናሙና እኔ ላምጣ" እንዳትሉ። ከሩቅ ፎቶ አንሱ፤ ቦታውን፣ ከፍታውንና ቀኑን ጻፉ። ከዚያ በዝግታ ወደኋላ።