መብራት ሲሄድ የማይጨልም ግቢ፦ ትንሽ ማይክሮግሪድ እንዴት ይሠራል?

ባለፈው የካቲት አንድ ግቢ ገባሁ። ጣሪያው ላይ ስድስት የሶላር ፓነል ተደርድሯል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው፤ ፀሐዩ ያቃጥላል። ቤት ውስጥ ግን መብራት የለም፣ ፍሪጁም ቆሟል። የቤቱ እመቤት “ይሄን ሁሉ ብር አውጥቼ?” አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

ፓነሎቹ ደህና ነበሩ። ችግሩ ኢንቨርተሩ ነው፤ የፓነሉን ኃይል የቤት ዕቃ ወደሚጠቀምበት የሚቀይረው መሣሪያ። የተገጠመላቸው ኢንቨርተር የመብራት ኃይል መስመር ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ዓይነት ነበር። ይህ ብልሽት አይደለም፣ ሆን ተብሎ የተደረገ ጥንቃቄ ነው። መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ ከናንተ ጣሪያ በሚመጣ ኃይል እንዳይሞት ነው። የሸጠላቸው ሰው ይህን ቀድሞ አልነገራቸውም።

ማይክሮግሪድ የሚባለው ይህን ችግር የሚፈታ፣ የራሱ ፓነልና ባትሪ ያለው ትንሽ የመብራት መረብ ነው። መስመር ሲጠፋ ከዋናው ተቆርጦ ብቻውን ይሠራል፤ ሲመጣ መልሶ ይገናኛል። በፖርቶ ሪኮ ተራሮች ላይ አድሁንታስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ2017 እ.ኤ.አ. ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ የደሴቲቱን መስመር ሲበጣጥስ፣ ካሳ ፑዌብሎ የተባለው የማኅበረሰብ ማዕከል በጣሪያው ፀሐይ መብራቱን አላጠፋም። ሰው ለስልኩም ለሕክምና መሣሪያውም ወደዚያ ጎረፈ። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአደባባዩ ዙሪያ ያሉ ንግድ ቤቶች በማይክሮግሪድ ተያያዙ።

እኛም በግቢ ደረጃ ልንሠራው እንችላለን። አምስት ቤትና አንድ ትንሽ ክሊኒክ ያሉበትን ግቢ እናስብ።

1. የማይጠፋውን ምረጡ

ብዙ ሰው ከፓነል ዋጋ ይጀምራል። እናንተ ከወረቀትና እስክሪብቶ ጀምሩ። ጎረቤቶች ተሰብሰቡና “ቢጠፋ የምንጎዳው በየትኛው ነው?” ብላችሁ ጻፉ። ለኔ የክሊኒኩ ፍሪጅ አንደኛ ነው። ኢንሱሊንና ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለባቸው። ከዚያ አምፖል፣ ስልክና ላፕቶፕ፣ ራውተር፣ የውኃ ፓምፕ ይከተላሉ።

ምጣድስ? አይሆንም። አንድ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። እንጀራው መስመር ባለ ሰዓት ይጋገር። ይህን ከመጀመሪያው ቁርጥ አድርጋችሁ ተስማሙ፤ ኋላ ላይ የሚያጣላው እሱ ነው።

2. ደምሩ

የእያንዳንዱን ዕቃ ዋት በሚሠራበት ሰዓት አባዙ። 12 አምፖል እያንዳንዱ 10 ዋት ሆኖ 5 ሰዓት ቢበራ 600 ዋት ሰዓት ነው። ፍሪጁ በቀን 1,000 ገደማ እንበል። ራውተር 240፣ ስልክና ላፕቶፕ 500፣ ባለ 750 ዋት ፓምፕ ለአንድ ሰዓት 750። ድምሩ 3,090 ይመጣል። በሽቦና በኢንቨርተር ለሚባክነው ሩብ ጨምሩበት፤ በቀን 4 ኪሎዋት ሰዓት ያዙ።

ባትሪው ይህን መያዝ አለበት። ባለ 48 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ ለአንድ ቀን ይበቃል። የመኪና ዓይነቱ የእርሳስ ባትሪ ግን ከግማሽ በላይ ሲወርድ ቶሎ ይሞታል፣ ስለዚህ እጥፉን መግዛት ይኖርባችኋል።

ፓነሉን በበጋ ፀሐይ አታስሉ። ክረምትን አስቡ። ባለ 450 ዋት አራት ፓነል ለዚህ ግቢ ጥሩ መነሻ ነው። አዲስ አበባ አካባቢ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ አዘንብሉት፤ ዝናቡም አቧራውን ያጥበዋል። የዛፍ ወይም የሮቶ ጥላ እንዳያርፍበት። ትንሽ ጥላ ብዙ ኃይል ይበላል።

ስለ ሮቶ ካነሳን፦ ፓምፑን እኩለ ቀን ላይ አስነሡና ሮቶውን ሙሉት። ማታ ውኃ ስትቀዱ ባትሪው አይነካም።

3. መስመሩን ለዩ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ሀይብሪድ የሚባለውን፣ መስመር ሲጠፋ በባትሪ ብቻውን መሥራት የሚችለውን ኢንቨርተር ግዙ። ፓምፕ ሲነሣ ለቅጽበት ከተጻፈበት ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ባለ 5 ኪሎዋት ይሁን። የመረጣችኋቸውን ዕቃዎች ብቻ የሚመግብ የተለየ የብሬከር ሳጥን ይሠራ። መስመር ሲጠፋ የግቢው ኃይል ወደ ዋናው መስመር በፍጹም እንዳያልፍ የሚያደርግ ቼንጅ ኦቨር (መቀያየሪያ ማብሪያ) ይኑር።

ለእያንዳንዱ ቤት 6 አምፔር ብሬከር ስጡ። ይህ 1.3 ኪሎዋት ገደማ ላይ ይገድባል። አንዱ ረስቶ ምጣድ ቢሰካ የሱ ቤት ብቻ ይጠፋል፤ የክሊኒኩ ፍሪጅ ይቀጥላል።

ይህን ክፍል ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሽያን ይሥራው። ኧርዙ፣ ወደ መሬት የሚወርደው የጥንቃቄ ሽቦ፣ የት እንደተቀበረ ጠይቁት። ግቢው ብቻውን ሲሠራ ኒውትራሉ (የኃይሉ መመለሻ ሽቦ) ከኧርዝ ጋር የት እንደሚታሰርም ያሳያችሁ። ይህ ከተሳሳተ ሰው ሲነዘር ብሬከሩ ላይወርድ ይችላል። ከዋናው መስመር ጋር ለመገናኘትም ከመብራት ኃይል ፈቃድ ጠይቁ።

4. ደንቡን ጻፉ

ባትሪው 30 በመቶ ሲደርስ ማን ምን ያጠፋል? ማን ፓነል ያጥባል? በየቤቱ ትንሽ ቆጣሪ ግጠሙና እንደተጠቀማችሁት አዋጡ። ባትሪ ዕድሜ አለው፤ አንድ ቀን ይለወጣል። ዕድር የሚያውቅ ሰፈር ለዚህ መዋጮ አዲስ አይደለም።

5. ራሳችሁ አጥፉት

መብራት እስኪሄድ አትጠብቁ። አንድ ቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት ላይ ዋናውን ብሬከር ጣሉት። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ይመለሳል ወይስ ይቀራል? ፍሪጁ ውስጥ ቴርሞሜትር አስቀምጡና በየሁለት ሰዓቱ ጻፉ። የባትሪውን መቶኛም እንዲሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከ40 በመቶ በታች ከወረደ አንድ ነገር ከዝርዝሩ ይውጣ፣ ወይም ባትሪ ይጨመር። ይህንኑ ሙከራ በሐምሌ፣ ሦስት ቀን ደመና በከበደበት ሰሞን ድገሙት።