ፓምፑ ሌሊት ብቻውን ሲነሳ

ጀልባዋን የገዛኋት ከአራት ዓመት በፊት ነው፤ እዚሁ ሲያትል። 26 ጫማ ትረዝማለች። ሁለት አልጋ፣ ትንሽ ማድቤት፣ ከቁም ሳጥን የማይሰፋ ሽንት ቤት አላት። የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። ሻጩ "አንዲት ጠብታ አታስገባም" ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ አንዲት ብቻ አላስገባችም።

መጀመሪያ ባደርንባት ቀን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ "ድርርር" የሚል ድምፅ ቀሰቀሰን። ሦስት ሴኮንድ ጮኾ ዝም አለ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ደገመው። ባለቤቴ "አይጥ ነው" አለች። ምነው አይጥ በሆነ! የንጹህ ውሃው ፓምፕ ነበር፤ ማንም ቧንቧ ሳይከፍት ብቻውን እየተነሳ።

ይህ ፓምፕ የሚታዘዘው በግፊት ነው። ቧንቧ ሲከፈት በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርድና ፓምፑ ይነሳል። ሲዘጋ ግፊቱ ይሞላና ይቆማል። ማንም ሳይነካው ከተነሳ ግፊቱ በሆነ ቦታ እያመለጠ ነው ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ውሃው ከመስመሩ ወጥቶ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ፣ ከወለሉ ሥር ባለው ክፍት ቦታ፣ እየፈሰሰ ነው፤ ወይ ፓምፑ ውስጥ ያለችው ውሃ እንዳይመለስ የምትይዘው ቫልቭ ደክማ ውሃው ወደ ታንከሩ እየተመለሰ ነው።

ሁለቱን ለመለየት ማርከር ብቻ ይበቃል። ማታ ታንከሩ ላይ ውሃው የደረሰበትን ምልክት አድርጉ። ፓምፑን ሳታጠፉ፣ ውሃም ሳትጠቀሙ እደሩ። ጠዋት ውሃው ከምልክቱ ከወረደ የሚፈስ ነገር አለ። ካልወረደና ፓምፑ ግን ሌሊቱን ሲነሳ ካደረ፣ ጥፋቱ የፓምፑ ነው። ቫልቯ ላይ ቆሻሻ ተቀርቅሮ ሊሆን ስለሚችል አዲስ ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት ፈትታችሁ እጠቡት።

የእኔ ወርዶ ነበር። እዚህ ላይ የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። መብራት ይዤ በሆዴ እየተሳብኩ እርጥብ ቦታ ፍለጋ ገባሁ። እርጥቡን አገኘሁት፤ ግን የፈሰሰው ከዚያ አልነበረም። ውሃ ቱቦ ለቱቦ ተንሸራቶ ሁለት ሜትር ርቆ ይንጠባጠባል። የሚሻለው ሶፍት ነው። ሁሉንም መገጣጠሚያ በደንብ አድርቁና በየአንዳንዱ ላይ ደረቅ ሶፍት ጠቅልሉ። ፓምፑን አብሩ። ቡናችሁን ጠጥታችሁ ተመለሱ። መጀመሪያ የራሰው ሶፍት ያጋልጠዋል።

እኔ ጋ የተጋለጠው ከውሃ ማሞቂያው ኋላ ያለ የግራጫ ቱቦ መገጣጠሚያ ነው። በዚያ ዘመን በተሠሩ ጀልባዎች ውስጥ ይህ ግራጫ ፕላስቲክ ብዙ አለ። ሲያረጅ ይደርቃል፣ መገጣጠሚያው ይሰነጠቃል። በመፍቻ ጠበቅ ላድርገው ብዬ አንድ ዙር ባዞረው ቀጭ አለ። የአንድ ሰዓት ሥራ የሁለት ቀን ሆነ። ስለዚህ አታጥብቁት፤ ቁራጩን አውጥታችሁ ፔክስ በሚሉት ተጣጣፊ የፕላስቲክ ቱቦ ለውጡት። አንዱ ከተሰነጠቀ ወንድሞቹም ተራ እየጠበቁ ነው።

ማሞቂያው ራሱ አንዳንዴ ሰው ያታልላል። ውሃ ሲሞቅ ስለሚያብጥ ትርፉን የደህንነት ቫልቩ ትንሽ ትንሽ ይተፋዋል። ሲሞቅ ብቻ ከሆነ አትደንግጡ። ቀዝቅዞም የሚያንጠባጥብ ከሆነ ቫልቩ ይቀየር። ቫልቩን ግን በጭራሽ እንዳትደፍኑት።

ፓምፑ ተነስቶ አልቆምም ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ታንከሩ ባዶ ካልሆነ፣ ከታንከሩ እስከ ፓምፑ ያለውን መስመር ተመልከቱ። እዚያ ያለ ቀዳዳ ውሃ አያፈስም፤ አየር ይስባል። ወለሉ ደረቅ ነው፣ ቧንቧው ግን እየሳለ ይተፋል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛዋ የማጣሪያዋ ክዳን ላይ ያለችው የጎማ ቀለበት ናት። ጭራሽ አልነሳ ካለ ደግሞ ፊውዙን እዩ፤ ከዚያ ፓምፑ እንዲነሳ ቧንቧ ከፍታችሁ በቴስተር ፓምፑ ጋ ያለውን ቮልት ለኩ። ባትሪው ላይ 12.6 ሆኖ ፓምፑ ላይ 10 ከሆነ ሽቦው ወይም ማያያዣው ዝጓል። እጃችሁን ከመክተታችሁ በፊት ከወደቡ የሚመጣውን 120 ቮልት ገመድ ንቀሉ። በ12 ቮልቱ መቀለድ ይቻል ይሆናል፣ በዚህኛው ግን አይቻልም።

ባሕር ዳር ነው ያደግሁት። የጣና ታንኳ ከደንገል ስለሚሠራ ውሃ ይጠጣል። ባለቤቱ ሥራው ሲያልቅ ከሐይቁ አውጥቶ ያደርቀዋል፤ አለቀ። እኔ ግን የጀልባዬ ሆድ ውስጥ ያለው ውሃ ከየት እንደመጣ ማወቅ ነበረብኝ።

ወደቡ ላይ ያሉት አዛውንት ጎረቤቴ ያስተማሩኝ ዘዴ ይኸው። ጣታችሁን ነክራችሁ ቅመሱ። ጨው ካለው የገባው ባሕሩ ነው። ጨው ከሌለው ወይ ከታንከሩ ወይ ከዝናብ ነው። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ቀለም፣ ወይም የዘይት ልባስ ካለበት ግን እንዳትቀምሱት፤ የሞተር ማቀዝቀዣ ወይም የሞተር ዘይት ሊሆን ይችላል፣ መርዝ ነው። ዘዴው የማይሠራበትም ቦታ አለ። እኔ የማቆመው ሌክ ዩኒየን የሚባለው የሲያትል ሐይቅ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 የተመረቀው የባላርድ መዝጊያ፣ ጀልባ የሚያሳልፍ የውሃ በር ነው፣ ሐይቁን ፒውጀት ሳውንድ ከሚሉት የባሕር ክንድ ጨዋማ ውሃ ስለሚለየው ምላሴ ብዙ አልጠቀመኝም። ስለዚህ ታንከሩ ውስጥ ቀይ የምግብ ቀለም ጨመርኩ። ሆዷ ውስጥ ያለው ውሃ ቀይ ሲሆን መልሱን አገኘሁ። ቀለሙን ከቧንቧው አጥቦ ለማውጣት ሦስት ታንከር ውሃ ፈጀብኝ፤ ባለቤቴ እስከዛሬ ታነሳዋለች። ሆዷ የሚሞላው ከዝናብ በኋላ ብቻ ከሆነ ቱቦዎቹን ተዉና የመስኮቶቹን ጠርዝና የመያዣ ብረቶቹን እግር ፈትሹ።

ከሆዷ ውሃ የሚያወጣው ፓምፕ፣ ቢልጅ ፓምፕ የሚሉት፣ ከሁሉም በላይ የምጠነቀቅለት እሱ ነው። ሰዎች ማብሪያውን ተጭነው "ይሠራል" ይላሉ። እሱ ፈተና አይደለም። አንድ ባልዲ ውሃ ሆዷ ውስጥ ድፉና ተንሳፋፊው ማብሪያ በራሱ ያስነሳው እንደሆነ እዩ። የእኔ አልተነሳም። የቀድሞው ባለቤት ሽቦውን ከዋናው ማጥፊያ ኋላ ነበር የቀጠለው። ጀልባዋን ቆልፈን ማጥፊያውን አጥፍተን በሄድን ቁጥር ፓምፑም አብሮን ይሄድ ነበር ማለት ነው። የተንሳፋፊው ሽቦ የራሱ ፊውዝ ኖሮት በቀጥታ ከባትሪው መምጣት አለበት።

ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥርም ብዙ አትመኑ። በሰዓት 800 ጋሎን ቢልም ውሃውን ወደ ላይ መግፋት ሲኖርበት ከዚያ ያነሰ ነው የሚያወጣው። ከውሃው ወለል ሁለት ጫማ በታች ያለ የአንድ ኢንች ቀዳዳ ደግሞ በደቂቃ ወደ 28 ጋሎን ያስገባል። በሰዓት አስሉት፤ ከ1,600 ጋሎን በላይ ነው። ፓምፑ ብቻውን አይችለውም።

ስለዚህ ከውሃ በታች ሆን ተብሎ ለቱቦ የተበሳ እያንዳንዱ ቀዳዳ መዝጊያ ቫልቭ አለው፤ የሚዞር መሆኑን እዩ። ተጣብቆ ካገኛችሁት ጀልባዋ ውሃ ላይ እያለች አታስገድዱት፤ ቢሰበር የምታቆሙበት የለም። ቱቦው ክላምፕ በሚሉት የብረት ማሰሪያ ቀለበት ሁለት ቦታ ይታሰር። አጠገቡ ደግሞ በገመድ የተንጠለጠለ የለስላሳ እንጨት ውታፍ ይኑር፤ ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ የጠላ ጋን ውታፍ የመሰለ። መዶሻውንም እዚያው አስቀምጡት።