“ዲላይትፉል” የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሳንሳሳት እንዴት እንጠቀምበት?

አንዴ የሥራ ማመልከቻ ስጽፍ “አይ አም ዲላይትፉል ቱ ጆይን ዩ” ብዬ ላክሁ። ከእናንተ ጋር ብሠራ ደስ ይለኛል ማለቴ ነበር። የጻፍኩት ግን “እኔ ደስ የምል ሰው ነኝ” የሚል ሆነ። መልስም አልመጣልኝም። እናንተ እንዳትደግሙት ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ አጻጻፉን ያዙ፦ delightful። መሀል ያሉት ጂ እና ኤች አይነበቡም። ቃሉ ከፈረንሳይኛ ሲመጣ አልነበሩም፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ብርሃን ማለት በሆነው “ላይት” አምሳያ የገቡ ናቸው። መጨረሻው ላይ ኤል አንድ ብቻ ነው። ስታነቡት “ላይት” ላይ ጠንከር በሉ፣ “ፉል”ን ዋጥ አድርጓት።

ቀጥሎ ያለው ዋናው ነው፣ ቀስ በሉ። ዐረፍተ ነገሩን በአማርኛ አስቡት። “ደስ የሚል” ካላችሁ ዲላይትፉል ነው። “ደስ ብሎኛል” ወይም “ደስ ብሏታል” ካላችሁ ግን ዲላይትድ (delighted) ነው። በቃ፣ ደስታውን የሚሰጠውና ደስታው የሚሰማው ይለያያሉ። እንግዳ ጋብዛችሁ ሲጫወቱ አምሽተው ከሄዱ ምሽቱ ዲላይትፉል ነበር፣ እናንተ ደግሞ ዲላይትድ ነበራችሁ። የሚያምታታው ሰውም ዲላይትፉል መባሉ ነው። “ሺ ኢዝ ዲላይትፉል” ስንል ጨዋታዋ የሚጥም፣ አብረዋት ሲቀመጡ ሰዓቱ የማይታወቅ ሴት ናት ማለታችን ነው፤ እሷ ራሷ ግን በዚያን ሰዓት ከፍቷት ሊሆን ይችላል። ስልካችሁ ላይ ያለው የፊደል ማረሚያ እዚህ ላይ አያድናችሁም፣ ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ስለሆኑ ቀይ አያሰምርባቸውም። አንዲት ቃል ብቻዋን መተርጎሚያ መተግበሪያ ላይ ጥሎ የወጣውን መቅዳትም አልወድም፣ እኔን የጣለኝ እሱ ነው። ሙሉ ዐረፍተ ነገር አስገቡ።

“ቬሪ” አትጨምሩበት፣ ቃሉ ራሱ “በጣም” አለበት። ማጠንከር ከፈለጋችሁ “አብሶሉትሊ” በሉ። ደግሞ ለሁሉ ነገር አታውሉት። ለዘወትር ቡና “ናይስ” ይበቃል፤ ዲላይትፉልን ልብ ለሚያሞቅ ነገር አስቀምጡት፦ ለሕፃን ሳቅ፣ ላልጠበቃችሁት ደብዳቤ፣ ለጥሩ ጉዞ።

ማመልከቻ የምትጽፉ ከሆነ ትክክለኛው “አይ ዉድ ቢ ዲላይትድ ቱ ጆይን ዩ” ነው።