የአያትን ፎቶ በትንሽ ብራና ላይ ለመሣል

«አያታችን ቀኛዝማች ነበሩ። ካባና ጎፈር ጨምርላቸው።» አራት ኪሎ ወዳለችው ክፍሌ የድሮ ፎቶ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ደጋግመው ይጠይቁኛል። አልጨምርም። እናንተም አትጨምሩ። ጎፈር ሰው በጀግንነቱ ያገኘው ነበር፤ ሠዓሊ የሚያድለው አይደለም።

ብሩሽ ከማንሳታችሁ በፊት የቤተሰቡን አዛውንት ጠይቁ። «እማማ፣ ማዕረጉን ማን ሰጣቸው? ይህን ሲነሱ ልጅ ወልደው ነበር?» መልሱን ጻፉት። የፎቶውንም ጀርባ አንብቡ። ልብስ ብቻውን ሰውን አያሳውቅም። እንግሊዛዊው የጥቃቅን ሥዕሎች ሠዓሊ ኒኮላስ ሂሊያርድ በ1588 እ.ኤ.አ. ከደመና የወጣ እጅ የጨበጠ አንድ ወጣት ሥሏል። የአንገቱ ዳንቴል ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ማንነቱ ግን ዛሬም ያከራክራል። በ1572 የሣላቸው ንግሥት ኤልሳቤጥ ግን ዕድሜያቸው 38 መሆኑ ሥዕሉ ላይ በወርቅ ቀለም ተጽፏል። ሥዕሉ 5 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው።

ሂሊያርድ ስስ ቆዳ በመጫወቻ ካርታ ላይ ለጥፎ ነበር የሚሠራው። እኛ ብራና አለን። ስሱን ምረጡ። በስንዴ ዱቄት ሙጫ ወፍራም ካርቶን ላይ ለጥፉት፤ ከባድ መጽሐፍ ጭናችሁ አሳድሩት። ሲደርቅ በለስላሳ ድንጋይ እሹት።

የፊቱ ቀለም ላይ ስትደርሱ አትቸኩሉ። የጥንቱ የፎቶ ፊልም ቀይን አያይም ነበር። ቀይ ነገር ጠቁሮ፣ ሰማያዊው ነጥቶ ይወጣል። ስለዚህ ቀይ ዳማ የነበሩ አያት ፎቶው ላይ ጠቁረው ሊታዩ ይችላሉ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ልጆቻቸው የሚያውቁትን ፊት የሚወስድ ነው። «ቀይ ዳማ ነበሩ ወይስ ጠይም?» ብላችሁ ጠይቁ። እሳቸውን ይመስላል የሚባለውን የልጅ ልጅ ቀን ላይ መስኮት አጠገብ አስቀምጣችሁ እዩ። አምፖሉን አጥፉት፤ ቆዳን ቢጫ ያደርጋል።

በውሃ ቀለም መጀመሪያ አንድ ስስ የቆዳ ቀለም ፊቱን በሙሉ አልብሱት። ሲደርቅ በ00 ቁጥር (በጣም ቀጭን) ብሩሽ ጥላውን በነጥብና በጭረት እየደረባችሁ ገንቡ። ብሩሹ ሊደርቅ ጥቂት የቀረው ይሁን፤ ውሃ ከበዛበት የታችኛውን ቀለም ያነሳዋል። እኔ ከዓይን እጀምራለሁ። የኩታው ጥለት መጨረሻ ይደርሳል።

ስማቸውን እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከፊታቸው ጎን ጻፉ። በጀርባው ደግሞ ታሪኩን የነገራችሁን ሰው ስምና ቀኑን አስፍሩ። ቤተሰቡ በማዕረጉ ካልተስማማ ስሙን ብቻ ጻፉ።